መልስ፦ አጋዘንና ወፍ በአንድ ወቅት ስለማደን

ከአጎትህና ከጓደኞችህ ጋር በአንድ ወቅት አጋዘንም ወፍም ማደን ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል፤ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አትደባልቋቸው። ፈቃዱና የተፈቀደው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

አጋዘን ዝምታና ትዕግስት ይፈልጋል። በብዛት የሚንቀሳቀሰው ንጋት ላይና ሊመሽ ሲል ነው። አፍንጫው ደግሞ ጉድ ነው፣ ስለዚህ ነፋሱ ሁሌ ከእሱ ወደ እናንተ ይምጣ። ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ፤ አጋዘን ቀለሙን ከአረንጓዴ ብዙም አይለየውም፣ ጓደኛህ ግን ከሩቅ ያይሃል። ከተኮስክ በኋላ ወዲያው አትሩጥ፣ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቅ። የቆሰለ አጋዘን ቶሎ ከተከተልከው ርቆ ይሄዳል፣ ስቃዩም ይረዝማል፤ እኔ ይህን የተማርኩት አንዱ ጠፍቶብኝ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወፍ አደን ላይ ግን ወሬውም ሳቁም አለ፣ ጀማሪ ለማስለመድ ደስ ይላል። አደጋውም እዚያው ነው። ወፏ ድንገት ብር ስትል አፈሙዙ አብሯት ይዞራል። ስለዚህ በአንድ መስመር ሂዱ፣ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ብቻ ይተኩስ፣ ዝቅ ብላ የምትበረውን ተዉአት። አጎትህ ልምድ ካለው መሃል ላይ ሆኖ ይምራችሁ።

ሥጋውን ደግሞ ቶሎ አቀዝቅዙት፣ በተለይ ቀኑ ሞቃት ከሆነ።