እሱ መስኮቱን ይለካል፣ እኔ ችካሎቹን እቆጥራለሁ

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 11 ዓመት ሆኖናል። ለዓመታት ስንቆጥብ ቆይተን ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ቤት አየን። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ የእንጨት ደረጃው መደገፊያ ከብዙ ሰው እጅ ብዛት ለስልሷል። ባለቤቴ ገና ከበሩ ሲገባ ልቡ ሄደ። ነገር ግን ከጓሮው አጥር ማዶ ባለው ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሊሠሩ ታቅዷል። እሱ የመስኮቱን ስፋት በክንዱ ሲለካ፣ እኔ በዚያው መስኮት አሻግሬ ቀይ ቀለም የተቀቡትን የቀያሾች ችካሎች እቆጥር ነበር። ስጋቴን ስነግረው ‹ደስ የሚለኝን ነገር ሁሉ ታጨልሚብኛለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነናል። ሻጩ ቀብድ እንድንከፍል የሰጡን ጊዜ ሊያልቅ 3 ሳምንት ቀርቶታል። እሺ ብዬ ልለፈው ወይስ በአቋሜ ልጽና?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ መስኮቱ የጻፉትን ነው። ከአንድ መስኮት ሥር ቆማችሁ ባለቤትዎ ቤቱን አዩ፣ እርስዎ ደግሞ ከቤቱ ማዶ የሚመጣውን አዩ፤ ሁለታችሁም ያያችሁት በቦታው ያለ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የመመኘቱ ድርሻ ለእሳቸው፣ የመስጋቱ ድርሻ ለእርስዎ የተሰጠ ይመስላል። ይህ ክፍፍል በብዙ ትዳር ውስጥ ማንም ሳያስበው ይገባል። አንደኛው ወገን ጥርጣሬውን ሁሉ ከተሸከመ ሌላው መጠራጠር አያስፈልገውም፤ እርስዎ ስለ ግንባታው ጩኸት በተናገሩ ቁጥር እሳቸው ስለ ግድግዳው ውፍረት ይናገራሉ፣ እሳቸው ባሞገሱ ቁጥር እርስዎ አንድ ተጨማሪ ስጋት ይፈልጋሉ፤ እያደር ባለቤትዎ «እኔም እፈራለሁ»፣ እርስዎም «እኔም ወድጄዋለሁ» የምትሉበት ቀዳዳ ይዘጋል። የመደገፊያውን ልስላሴ የጻፉልኝ እርስዎ መሆንዎን ልብ ብለውታል? እጁን ያላሳረፈበት ሰው ይህን አያውቅም።

ባለቤትዎ የተናገሩት ቃል ከባድ ነው። ሆኖም ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰው የሚያጣው ነገር ከሚያገኘው ተመጣጣኝ ነገር ይልቅ ይከብደዋል። መስኮቱን በክንዱ የለካ ሰው ደግሞ በሐሳቡ ገብቶ ዕቃውን ማስቀመጥ ጀምሯል። ስለዚህ የእርስዎ «እስኪ እናስብበት» ለእሳቸው ጆሮ የደረሰው ከያዙት ቤት የሚያስወጣ ቃል ሆኖ ነው። ይህን የምለው ንግግራቸው ልክ ነበር ለማለት አይደለም፤ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ከቤቱ አልፋ የእርስዎን ጠባይ የምትነቅፍ ስለሆነች ያለፈ ቁስል ያለባት ትመስለኛለች። ነገሩ በረድ ሲል «ከዚህ በፊት ያጨለምኩብህ ነገር የትኛው ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱ ስለ ቤት ላይሆን ይችላል።

ስለ ወደፊት ስሜታችን የምንተነብየው ብዙ ጊዜ ይጋነናል። ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ሰዎች የአንድ ክስተት ደስታም ሆነ ሐዘን ከሚሆነው በላይ እንደሚጸናባቸው ሲገምቱ ተገኝተዋል። ያ ውብ ደረጃ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ መኝታ ቤት የሚያወጣ ደረጃ ብቻ ይሆናል፤ ከአጥሩ ማዶ የሚቆመው ሕንፃም ዛሬ እንደሚያስፈራዎ ሁልጊዜ አያስፈራዎትም። ጩኸት ግን ለየት ይላል፤ በተለይ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም የማይታወቅ ጩኸት በቀላሉ አይለመድም። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን ድንገት የሚነሳ ኃይለኛ ድምፅ ካሰሟቸው በኋላ ሌላ ሥራ ሰጧቸው። ከመካከላቸው ድምፁን ማቋረጫ ቁልፍ አጠገባቸው እንዳለ የተነገራቸው፣ አብዛኞቹ ቁልፉን ሳይነኩት፣ ምንም መቆጣጠሪያ ካልተሰጣቸው ይልቅ የኋላውን ሥራ በትዕግሥትና በጥንቃቄ ሠርተዋል።

ለእናንተ እንደዚያ ማቋረጫ ቁልፍ የሚሆናችሁ መረጃ ነው። ፈቃዱ ወጥቷል ወይስ ገና ሐሳብ ነው? ስንት ፎቅ ነው? ሕንፃው ከአጥሩ ምን ያህል ይርቃል፣ ጥላውስ በየት በኩል ይወድቃል? የከባድ መኪኖች መግቢያ በየት ነው? ሥራው በአንድ ጊዜ ያልቃል ወይስ በየምዕራፉ ዓመታት ይወስዳል? አሮጌ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ መሠረታቸው ጥልቅ ስላልሆነ በአጠገባቸው ጥልቅ ቁፋሮ ሲካሄድ ወይም የመሠረት ምሰሶ እየተቀጠቀጠ ሲገባ ግድግዳቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለሆነም ከገዛችሁት፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ስንጥቆች በሙሉ መሐንዲስ እንዲመዘግባቸውና ቀን ባለው ፎቶግራፍ እንዲያስቀራቸው አድርጉ፤ ኋላ ካሳ መጠየቅ ቢያስፈልግ አሮጌው ስንጥቅ ከአዲሱ የሚለየው በዚህ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው የከተማ ፕላን ቢሮ የሚሄዱት ግን ባለቤትዎ ይሁኑ። እርስዎ ከሄዱ ሰነዱ ሁሉ የእርስዎ የክርክር ማስረጃ ይሆናል፤ እሳቸው ራሳቸው ፕላኑን ዘርግተው ፎቆቹን ሲቆጥሩ ግን መፍራት ለእሳቸውም ይፈቀድላቸዋል። በዚያው ቀን እርስዎ ሻጩን አስፈቅደው ቤቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ብቻዎን ይቀመጡ። ስለ አጥሩ ማዶ ሳያስቡ ምን እንደሚሰማዎት ይዩ። ማታ ላይ ስትገናኙ እርስዎ ስለ ቤቱ፣ እሳቸው ስለ ዕቅዱ ተናገሩ። መጀመሪያ ላይ ይህ የልምምድ ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከምክር ክፍሌ እንዳየሁት ግን ድርሻ መለዋወጥ ከረጅም ክርክር የበለጠ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ለየብቻ በወረቀት ላይ መልሱ፦ ሕንፃው ዛሬ ቆሞ መስኮቱን እያየ ቢሆን፣ ይህን ቤት በዚሁ ዋጋ እገዛው ነበር? ሁለታችሁም «አዎ» ካላችሁ መግዛቱ አያስፈራም። መልሱ «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ከሆነ ጉዳዩ ከትዳር ወጥቶ ከሻጩ ጋር ወደሚደረግ ድርድር ይሄዳል። የ3 ሳምንቱ ቀነ ገደብም የሻጩ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ እንዲራዘም ጠይቁ፣ ቀብድ ከከፈላችሁም በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

ኩርፊያው እንዲያበቃ ብቻ ብለው ግን እሺ አይበሉ። እንዲህ የተሰጠ እሺታ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር «ብዬህ ነበር» እያለ ይመለሳል። እውነቱን ካወቃችሁ በኋላ መልስዎ አሁንም «አይሆንም» ከሆነ፣ ይህን ከመናገርዎ በፊት ለባለቤትዎ ስለ ደረጃው መደገፊያ ይንገሯቸው።