ማራቶኑ የትም አይሄድባችሁም

ልጆቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ማራቶን ለመሮጥ አትቸኩሉ።

ለምን እንደምትቸኩሉ ይገባኛል። ትራክ ላይ ገንዘቡም ውድድሩም ጥቂት ነው። ጎዳና ላይ ግን አንድ ጥሩ ጠዋት ኑሮ ይቀይራል። እናንተን ተስፋ አድርጎ የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ። ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም። ግን ገና ባልጠና አጥንትና ጅማት 42 ኪሎ ሜትር መሮጥ ምን እንደሚያመጣ ስላየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1992 ሴኡል ላይ፣ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። ለንደን ላይ ለማራቶን የተሰለፈው 10 ዓመት ቆይቶ ነው። በርሊን ላይ በ2:03:59 ክብረ ወሰን ሲሰብር 35 ዓመቱ ነበር። ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌም እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 18 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ማራቶኑን ሃምቡርግ ላይ የሮጠው በ2013 ነው። እነዚያ የትራክ ዓመታት አልባከኑም። ፍጥነቱን ያገኙት እዚያ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። 19 ዓመቴ ነበር። ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግራ ቅልጥሜ ላይ ሕመም ጀመረኝ። ቦታው የሳንቲም ያህል ናት። በአውራ ጣቴ ስጫናት ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሲሞቀኝ ይተወኛል፣ ማታ ስተኛ ይመለሳል። ለአሠልጣኜ አልነገርኩም። ቦታዬን ሌላ ይወስዳል ብዬ ፈራሁ። በፋሻ ጠቅልዬ ኢንተርቫል፣ ማለትም እያረፉ ደጋግሞ በፍጥነት የመሮጥ ልምምድ፣ ሠራሁ። ማጣሪያው ላይ ስድስተኛው ዙር ሲጀመር እግሬ አልሸከም አለኝ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ቀድሜ ብናገር ጥቂት ሳምንት አርፌ እድን ነበር። ዝም በማለቴ ዓመቱን ሙሉ አጣሁት።

ስለዚህ ሕመማችሁን ለዩ። ጡንቻ ሲዝል ሰፋ ብሎ ያማል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይለቃል። በአንድ ጣት ነጥሎ የሚጠቆም የአጥንት ሕመም ግን ሐኪም ይፈልጋል። ሴቶች ልጆቼ፣ የወር አበባ ሲቀር "ኮንዲሽን ገባሁ፣ ብቃቴ ሞላ" እንዳትሉ። ብዙ ጊዜ ሰውነት የሚበላው ከሚያወጣው አንሶበት ነው፤ አጥንት የሚሳሳውም ያኔ ነው።

ቀላል ቀን ደግሞ ቀላል ይሁን። እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በቡድን ስትሮጡ አንዱ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ሳታውቁት እሽቅድምድም ይሆናል። ተዉት፣ ይሂድ።

ስለ ማናጀር ብዙ አልልም። ስንት በመቶ እንደሚወስድና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ሳታነቡ አትፈርሙ። "ቫይታሚን ነው" ተብሎ የሚሰጣችሁን ክኒንም ዝም ብላችሁ አትዋጡ። የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ላይ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። "አላወቅሁም" ብሎ ማምለጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ ከማሟሟቂያ በፊት ጠጋ አለኝና ጣቱን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈ። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያመኛል" አለኝ። ውድድሩ አሥር ቀን ነበር የቀረው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስፓይኩን፣ ባለ ሹል የመሮጫ ጫማውን፣ ፈትቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።