ከሎስ አንጀለስ ቶኪዮ፦ ኪሎሜትሩን ለ900 አታካፍይው

እህቴ፣ «ከሎስ አንጀለስ ቶኪዮ በአየር ስንት ኪሎሜትር ነው፣ ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ900 ኪሎሜትር፣ ባካፍለው የበረራው ሰዓት ይመጣልኛል ወይ» ያልሽውን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ እኔም እንዳንቺው አካፍዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. ርቀቱ 8,800 ኪሎሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሳይት 5,470 ሌላው 4,750 ቢልሽ አትደናገሪ፣ የመጀመሪያው ተራ ማይል ነው፣ ሁለተኛው የፓይለቶቹ ኖቲካል ማይል። ካርታ ላይ ማስመሪያም አታስቀምጪ፣ መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ አላስካ አቅጣጫ ጎበጥ የሚለው ነው፣ ቀጥ ያለ የሚመስልሽ መስመር እንደውም ከ400 ኪሎሜትር በላይ ይረዝማል።

2. ማካፈሉን ተይው። 9 ሰዓት ከ45 ምናምን ይመጣልሻል አይደል? እኔም ያችን ቁጥር ይዤ፣ ቅናሹ ሳያመልጠኝ ብዬ ዋናውን ትኬት ሳልገዛ ከቶኪዮ ወደ ሳፖሮ የሚወስደኝን ለብቻው ቆረጥኩ፣ በሌላ አየር መንገድ፣ ቶኪዮ እደርሳለሁ ካልኩት ሰዓት በሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት። በኋላ ዋናው ትኬት ሲመጣ 11 ሰዓት ተኩል ይላል። እኔ ሆዬ፣ ለጥንቃቄ የጨመሩት ነው ብዬ ናቅኩት! ሒሳብ አዋቂ ነኛ። ለካ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ጄት ስትሪም የሚሉት ነፋስ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፣ በብርዱ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ ይነፍሳል፣ እኔ የሄድኩት ደግሞ ጥር ላይ። ስመለስ ያው 8,800 ኪሎሜትር በ10 ሰዓት ገደማ አለቀ፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋላ።

ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ቆሜ ሻንጣዬን ተቀብዬ እየሮጥኩ ስደርስ ቼክኢን ተዘግቷል። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ትኬትዎ ለብቻው ነው፣ ከሌላው በረራ ጋር አንገናኝም» አለችኝ፣ አለቃ ጥሪልኝ ብል በጣቷ ወንበር አሳየችኝ፣ አለቃ የሚባልም አልመጣ። እውነቷን ነው እሺ፣ በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍሩኝ ነበር፣ ግን ሰው እንዲህ ይባላል? ብሩም አልተመለሰ፣ ወንበሩ ላይ አድሬ ጠዋት እጥፍ ከፍዬ ሄድኩ። ስለዚህ ቀጣይ በረራ ካለሽ ሁለቱንም በአንድ ትኬት አስቆርጪ፣ ትንሽ ቢወደድም።

3ኛው ምን ነበር... አዎ፣ ቶኪዮ ሁለት ኤርፖርት አላት፣ ናሪታና ሃኔዳ፣ ናሪታ ከመሃል ከተማው 60 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ የቱ እንደሆነ ትኬቱ ላይ እይ። ቀኑም ይዘላል፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ተነስተሽ የምትደርሺው ረቡዕ ነው፣ ሆቴል በረቡዕ ያዢ። ይቺን እንኳን አልተሸወድኩም።

ትኬት ከያዝሽ የመድረሻ ሰዓቱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አየዋለሁ።