ፊዚክስን የመጀመሪያ ምርጫሽ ከማድረግሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርትሽን አጠናቀሽ የትምህርት ክፍል መምረጫው ጊዜ እንደደረሰ፣ ልብሽ ወደ ፊዚክስ ቢያደላም አባትሽ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እንድትሞዪ እንደሚፈልጉ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር የሆኑት አጎትሽም «የእኔን ኑሮ እያየሽ?» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ «ፊዚክስ ተምሬ ከመምህርነት ሌላ ሥራ አገኛለሁ ወይ?» የሚል ነው።

ታገኛለሽ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪሽን ብቻ ይዘሽ በተመረቅሽ ማግስት ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ። የአባትሽ ሥጋት መሠረት አለው። በጋዜጣ የሚወጡ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ብታገላብጪ፣ አካውንቲንግና ሲቪል ምህንድስና በስማቸው ተጠርተው ሲፈለጉ፣ ፊዚክስ ግን ከመምህርነት ውጭ አብዛኛውን ጊዜ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» ከሚለው ሐረግ ሥር ነው የሚገኘው። ስለዚህ ፊዚክስን የሚመርጥ ተማሪ ትምህርቱ ወደየትኛው ሥራ እንዲያደርሰው እንደሚፈልግ ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መወሰን አለበት። ሥራ አጥተው የሚቸገሩት፣ እኔ እንደማየው፣ በአብዛኛው ይህን ውሳኔ እስከ ምረቃ ድረስ ያቆዩት ናቸው።

ከዘርፎቹ ሁሉ ቅድሚያ ሰጥተሽ እንድታስቢበት የምመክርሽ የሕክምና ፊዚክስ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና ሲሰጥ፣ ዕጢው የሚያስፈልገውን የጨረር መጠን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው፤ ያ መጠን ዕጢው ላይ እንዲያርፍና በዙሪያው ያለው ጤነኛ አካል እንዲተርፍ የጨረሩን አቅጣጫና ጥንካሬ አስልቶ የሚያቅደው ግን የፊዚክስ ባለሙያው ነው። ይኸው ባለሙያ ማሽኑ የሚለቀው ጨረር መጠኑን አለመሳቱን ለማረጋገጥ፣ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አነስተኛ መለኪያ እያስገባ በተለያየ ጥልቀት ይለካል፤ ውኃ የሚመረጠውም ጨረርን የሚቀበልበት ሁኔታ ከሰው አካል ጋር ስለሚቀራረብ ነው። የጨረር ሕክምና ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ባለሙያው የሚያስፈልግበት ቦታም እየጨመረ ነው። ወደዚህ ለመግባት ሁለተኛ ዲግሪና በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና እንደሚጠይቅ ከአሁኑ እወቂ።

ሁለተኛው ምድርን በፊዚክስ ዘዴ የሚያጠናው ጂኦፊዚክስ ነው። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ወለል ጋር ትይዩ ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ መሆኗ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ቀን ቀን ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለማጥናት እንዲህ ያለ ስፍራ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ምድር 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ስትከፈት ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ወደ አገራችን የጎረፉት በከንቱ አልነበረም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥና ነዋሪዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ ሕዝቡ ማብራሪያ የጠየቀው እነዚህኑ ባለሙያዎች ነው። እንደ አሉቶ ባሉ ስፍራዎች የከርሰ ምድር እንፋሎት የሚፈለገውም በዚሁ ዕውቀት ነው።

ሜትሮሎጂ፣ የመለኪያ መሣሪያዎችን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው የሥነ-ልክ ሥራ እንዲሁም የእንጦጦው የጠፈር ምርምርም አሉ፤ ሆኖም እንጦጦን አይተው ወደ ፊዚክስ የሚሳቡ ተማሪዎች ብዙ፣ የሥራ መደቦቹ ግን ጥቂት ናቸውና እርሱን ብቸኛ ተስፋሽ አታድርጊው።

የትኛውንም ብትመርጪ ፓይተንን የመሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ተማሪ። የዛሬ ፊዚክስ ያለ ኮምፒውተር አይሠራም፤ ያሰብሽው ባይሳካ ደግሞ ወደ ዳታና ወደ ሶፍትዌር ሥራ የምትሻገሪበት ችሎታ ይሆንሻል፤ ይህን ለአባትሽም ንገሪያቸው። የመመረቂያ ጥናትሽን በመረጥሽው ዘርፍ ላይ ሥሪ። ውጤትሽ ከፍ ያለ ከሆነ በጣሊያን ትሪየስት ከተማ፣ በአብዱስ ሰላም መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል፤ ፉክክሩ ብርቱ ቢሆንም ማመልከት አያስከፍልም።

መምህርነትንም እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። የአጎትሽ ቅሬታ ስለ ደመወዙ ነው፤ እርሱም ተገቢ ቅሬታ ነው። ሆኖም አንቺን ፊዚክስ ያስወደደሽ አንድ መምህር ሳይሆን አይቀርም፤ የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወስደሽ ወደዚያ የምትገቢበት በርም ክፍት ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። በተመረቅሽበት ዓመት ደመወዝሽን የሚጠብቁ ታናናሾች ካሉሽና ሁለተኛ ዲግሪ እስክትጨርሺ ቤተሰብሽ መቆየት የማይችል ከሆነ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ምረጪ፤ ይህን ማድረግሽ ፊዚክስን መክዳት አይደለም። መቆየት የሚችሉ ከሆነ ግን ፊዚክስን አንደኛ አድርገሽ ሙዪ።

ቅጹን ከማስረከብሽ በፊት ወደ ፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ሄደሽ ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በቤተ ሙከራው በእጃቸው የሚሠሩት ምን ምን እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት የተመረቁትም አሁን የት የት እንደሚሠሩ። የሚሰጡሽን መልስ ጻፊልኝና የቀረውን እንነጋገራለን።