ጥያቄና መልስ፦ ቁስል ለምን ይቆጣል? ትኩሳትስ ለምን ይነሣል?

ድሬዳዋ ውስጥ በሕክምና ላቦራቶሪ የደም ናሙና እመረምራለሁ። ሰውነት ለቁስልና ለጀርም ስለሚሰጠው ምላሽ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምችላቸውን ከዚህ በታች መልሻለሁ። የምርመራ ወረቀታቸውን ልከው ትርጉሙን የጠየቁኝ ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ እለምናለሁ፤ ሰውየውን ሳያዩ በወረቀት ብቻ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በለስ ስልጥ እሾሁ ጣቴ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጣቴ ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ አገኘሁት። ይህን ያደረገው እሾሁ ነው ወይስ ጀርም?

መልስ፦ ከሁለቱም ይልቅ ያደረገው የራስዎ ሰውነት ነው። እሾህ ቆዳን ሲበሳ፣ ከተጎዱት ሴሎች የሚፈስሰው ነገር ራሱ የአደጋ ምልክት ስለሚሆን፣ ጀርም ገና ሳይራባ መከላከሉ ይጀመራል። ከቆዳ ሥር የሚኖሩት ማስት ሴሎች ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ በዚህም ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ስለሚላላ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ወደ ሥጋው ይሰርጋል። መቅላቱና መጋሉ ከደሙ መብዛት፣ እብጠቱም ከሰረገው ፈሳሽ የመጣ ሲሆን፣ ሕመሙ ደግሞ እንደ ፕሮስታግላንዲን ያሉ ኬሚካሎች ነርቭን ከመነካካታቸው ነው። «ቁስሉ ተቆጣ» የሚለው አነጋገራችን ነገሩን ከብዙ የሕክምና ቃል አስበልጦ ይገልጸዋል፤ ቁጣው የባለቤቱ ነውና።

እሾህ በዚህ ሳይንስ ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ መሲና ሳለ፣ አካሉ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ አደረ፤ በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውት አገኘ። ሴሎች ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን ይከላከላሉ የሚለውን ሐሳቡን ያጠናከረው ይህ ነበር፤ በ1908ም ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእርስዎም ጣት እሾሁ እስኪወጣ ድረስ ላይበርድ ይችላል። እሾህን በእሾህ የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ በንጹሕ ወረንጦ ያውጡት።

ጥያቄ፦ መግል የተበላሸ ደም ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መግል በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች፣ ባክቴሪያዎችና የፈራረሰ ሥጋ ድብልቅ ነው። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሴሎች መካከል በቁጥር የሚበልጠው፣ ቁስል ወዳለበትም በሰዓታት ውስጥ ቀድሞ የሚደርሰው ነው። የደም ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ ዘርግተን በቀለም ስናቀልመው፣ የሴሉ እምብርት ሦስት አራት ቦታ ተቋጥሮ፣ በቀጭን ክር የተያያዘ ሐምራዊ ዶቃ ይመስላል። ዓመታት አይቼው ዛሬም አልሰለቸኝም። ይህ ሴል ባክቴሪያውን ውጦ በኬሚካል ይገድላል፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ይሞታል። ከኋላው የሚመጡት ማክሮፌጅ የተባሉ ትልልቅ ዋጭ ሴሎች ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ጥገናውንም ያስጀምራሉ። መግልን በጣት መጭመቅ ግን ጀርሙን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል አይመከርም።

ጥያቄ፦ የቆሰለው የእግሬ ጣት ነው፤ ንፍፊት የወጣው ግን ብሽሽቴ ላይ ነው። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ሊምፍ የሚባለው፣ ከእግር ሥጋ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ የሚጣራው በብሽሽት እጢዎች ነው። የጀርሙን ቁራሽ ከቁስሉ ተሸክመው የሚመጡ ሴሎች ሊምፎሳይት ለተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያሳዩት እዚያ ሲሆን፣ ለዚያ ጀርም የሚገጥመው ሊምፎሳይት ሲገኝ እየተባዛ እጢውን ያሳብጠዋል። ስለዚህ መታከም ያለበት ቁስሉ ነው። ቁስሉ ድኖም እብጠቱ ለሳምንታት ከቆየ ወይም እየጠነከረ ከሄደ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጥያቄ፦ ትኩሳት የሚጠቅም ከሆነ ማስታገሻ ለምን እንወስዳለን?

መልስ፦ ለሕመሙ ነው እንጂ ለቁጥሩ አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች የሚለቋቸው መልእክተኞች አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበትን ልክ ከፍ ያደርጉታል፤ በድሬዳዋ ሙቀት መሐል ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው የምናየው፣ ሰውነቱ አንጎሉ ባወጣው አዲስ ልክ ላይ ገና ስላልደረሰ ነው። ሕመሙ ለጸናበት ሰው ፓራሲታሞል ይበቃል። በእኛ ከተማ ግን በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ መድማትን ሊያባብስ ይችላል። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ ድሬዳዋ በገባ ጊዜ ይዞኝ ድኛለሁ። ከእንግዲህ ይምረኛል?

መልስ፦ ያንኑ ዓይነት ከሆነ አዎን፤ ሌላውን ዓይነት ከሆነ ግን አይምርዎትም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ሰው ለዚያው ዓይነት ዘላቂ መከላከያ ያገኛል፤ ለሌሎቹ ያለው መከላከያ ግን ከወራት በኋላ ይደክማል። ያኔ ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ፣ የቀድሞው አንቲቦዲ (ጀርምን የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ቫይረሱን ይይዘዋል እንጂ አያመክነውም፤ ማክሮፌጆች ደግሞ በአንቲቦዲ የተያዘን ነገር መዋጥ ልማዳቸው ስለሆነ፣ ቫይረሱ በእነርሱ ውስጥ ገብቶ ይራባል። የመከላከያው ሥርዓት ትዝታ ለጠላት በር ሲከፍት የሚታይበት እንግዳ ነገር ይህ ነው። ሁለተኛ የተያዘ ሁሉ ይጸናበታል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ትኩሳቱ መብረድ ሲጀምር ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከመጣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በ2019 ከተማችንን ያጠቃው ቺኩንጉንያ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ አንዴ የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ ይጠበቃል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ግን አንድ ናት፤ በቀን ትናከሳለች፣ ክዳን በሌለው የውኃ በርሜላችንም ትራባለች።

ጥያቄ፦ ሚስማር ሲወጋኝ እናቴ የቡና ዱቄት ነስንሳበት ዳነ። ክትባት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የዳነው ቁስሉ ነው። ዱቄት ቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ስለሚሆን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይሻላል። መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በማይደርስበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይራባል፤ መርዙ እጅግ በጥቂቱ ለሞት ስለሚበቃ፣ ታምሞ የዳነ ሰው እንኳ መከላከያ አያዳብርም። ክትባቱን በሙሉ ወስደው የመጨረሻው ከተሰጠዎት አምስት ዓመት ካለፈ፣ ለእንዲህ ያለ ቁስል ማጠናከሪያ ያስፈልግዎታል፤ ፈጽሞ ካልወሰዱ ወይም ካላስታወሱ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።