የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ቬኒስ፣ በዓሉ ሚያዝያ 30

ጥያቄ፦ የምኖረው ጣሊያን ነው። ቬኒስ ያለውን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ነበር፤ ዐፅሙ በመንበሩ ሥር እንዳለ ነገሩን። እነርሱ ኤፕሪል 25 ያከብሩታል፣ እኛ ሚያዝያ 30። ራሱ (ጭንቅላቱ) ደግሞ እስክንድርያ ቀርቷል ይባላል። ትክክለኛው ቀን የቱ ነው? ዐፅሙ ባለበት መጸለይ የበለጠ በረከት ያስገኛል? ለታመመችው እናቴ ከኢንተርኔት ላይ ምስክር ወረቀት ያለው የዐፅም ቁራጭ ብገዛላትስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቀኑ ቀላል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ሚያዝያ 30 ዛሬ በአውሮፓውያን ሜይ 8 ላይ ይውላል። 13 ቀን ቀንሺለት፤ በቀድሞው የዩልዮስ አቈጣጠር ኤፕሪል 25 ይመጣልሻል። ሁለቱ በዓላት በመነሻቸው አንድ ቀን ናቸው፤ የተለያዩት ምዕራባውያን በ1582 እ.ኤ.አ. አቈጣጠራቸውን ካረሙ ወዲህ ነው። የጴጥሮስ ወጳውሎስም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ 5 ጁላይ 12 ነው፣ 13 ሲቀነስ የእነርሱ ጁን 29 ይሆናል። ይህ ስሌት ግን ለሁሉም ሐዋርያ አይሠራም። ቶማስን እኛ ግንቦት 26 እናከብራለን፤ ካቶሊኮች በ1969 እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 21 ወደ ጁላይ 3 አዛውረውታል፣ ይህም ሶርያውያን ፍልሰተ ዐፅሙን (ዐፅሙ ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወረበትን) የሚያስቡበት ቀን ነው። አንዱ በዓል ዕረፍት (የሞተበት ቀን)፣ ሌላው ፍልሰተ ዐፅም፣ ሌላው ቅዳሴ ቤት (ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከበት ቀን) ሊሆን ይችላል። «የማን ቀን ነው ትክክል?» ብሎ ከመከራከር በፊት ቀኑ የምን መታሰቢያ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) ለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር። ማርቆስን በእስክንድርያ የያዙት በትንሣኤ በዓል ዕለት ነው፤ አንገቱን በገመድ አስረው በመንገድ ጎተቱት፣ በማግሥቱም ደግመው ሲጎትቱት ዐረፈ። በእኛ ቀመር ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። ስለዚህ የማርቆስ በዓል በዐቢይ ጾም ውስጥ ወድቆ አያውቅም፤ በ1975 ዓ.ም. እንደሆነው ከፋሲካ ጋር ይገጥማል፣ አለዚያም በበዓለ ሃምሳ ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ምእመናን የቅዱሳንን በረከት እንደ ርስት መሬት ያዩታል፤ ትልቁን የያዘ ባለጠጋ፣ ቁራጭ የደረሰው ድሀ፣ ምንም ያልደረሰው ባዶ እጁን የቀረ። ጥያቄሽም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዐፅመ ቅዱሳንን ማክበር ልክ ነው። የኤልሳዕን አጥንት የነካው ሬሳ ተነሥቷል (2ኛ ነገ. 13፥21)። ነገር ግን ምንባቡን ልብ ብለሽ አንብቢው፤ ቀባሪዎቹ አደጋ ጣዮችን አይተው ደንግጠው ሬሳውን ጣሉት እንጂ አጥንት ፍለጋ አልሄዱም፣ ከዚያም በኋላ መቃብሩን ቈፍሮ የተከፋፈለ የለም። ያስነሣው እግዚአብሔር ነው። እኛስ ጥር 18 ምን እናከብራለን? ዝርወተ ዐፅሙን ለቅዱስ ጊዮርጊስ። ሥጋውን አቃጥለው፣ ፈጭተው፣ በደብረ ይድራስ በተኑት። በረከት በቁራጭ የሚለካ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ጊዮርጊስ ባዶ በቀረ ነበር። ግንቦት 12 ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም እናከብራለን። ተሰብስቦ የፈለሰውንም ተበትኖ የጠፋውንም ያከበረች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት።

የማርቆስ ዐፅም ቬኒስ የደረሰው በ828 እ.ኤ.አ. ነው። ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሲያወጡት ሙስሊሞቹ ጠባቂዎች እንዳይፈትሹ በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት ይባላል፤ ይህንኑ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት በሞዛይክ ሥለውታል። እኔ በዚህ የሚያስመካ ነገር አላይም። ያም ሆኖ ዐፅሙ በሌለበት ዘመን ሁሉ መንበረ ማርቆስ (የእስክንድርያ ፓትርያርክ መንበር) በረከቱ አልጎደለበትም፤ እኛም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሳትን የተቀበልነው ከዚያው መንበር ነው። በ1960 ዓ.ም. ሮም ከዐፅሙ ከፍላ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ መለሰች፤ ሰኔ 17 ካይሮ ገባ፣ በማግሥቱ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። ግብጻውያን በሰኔ 17 መመለሱን፣ በጥቅምት 30 ደግሞ የራሱን መገለጥ ያስባሉ።

ወደ ግዢው ልምጣ። አትግዢ! ቅዱስ ነገር በገንዘብ መግዛት የሲሞን መሠርይ ኃጢአት ነው (የሐዋ. 8፥20)። በካቶሊኮችም ሕግ (ቀኖና 1190) ቅዱስ ዐፅም መሸጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሻጮቹ ይህን ስለሚያውቁ «የምንሸጠው መያዣውን ነው፣ ዐፅሙ ስጦታ ነው» ይላሉ። በእነርሱ ሥርዓት እውነተኛው መያዣ ከኋላው በቀይ ክር ታስሮ በሰም ይታተማል፤ ክሩ ከተበጠሰ ወይም ማኅተሙ ከተሰበረ ወረቀቱ ምንም አይመሰክርም። ሻጮቹ በሚለጥፉት ፎቶ ላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የመስታወቱ በኩል ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ያለበት ጀርባ አይታይም።

ለእናትሽ ግን የሚደረግ አለ። ካህናት መጽሐፈ ቀንዲል (በዘይት ላይ ለሕሙማን የሚጸለየውን ጸሎት) ጸልየው ዘይቱን ይቀቧት (ያዕ. 5፥14)። ንስሐ ገብታ ትቍረብ፤ ከቤት መውጣት ካልቻለች ለንስሐ አባቷ ቀድመሽ ንገሪ። ለቅዳሴው ጸሎት የክርስትና ስሟን አጻፊ፤ የመዝገብ ስም ብቻ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። በማርቆስ ስም ዝክር ካሰብሽ ሚያዝያን መጠበቅ የለብሽም፣ ወር በገባ በ30 መታሰቢያው ነው። የተጠራው ሁሉ ጠግቦ የበላ ወዳጅ ከሆነና ነዳያን ደጅ ከቀሩ ግን ዝክር ሳይሆን ግብዣ ነው። ማቴዎስ 10፥42 ዋጋ ያለው ያደረገው ለታናሹ የተሰጠውን ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ አቅም ካነሰሽ አሥር እንጀራና አንድ ድስት ሽሮ ለነዳያን ይበቃል።

ዳግመኛ ቬኒስ ብትሄጂ ቆመሽ ጸልዪ፣ የሐዋርያውን አማላጅነት ለምኚ፤ ቍርባን ግን ከዚያ አትቀበዪ፣ በራስሽ ቤተ ክርስቲያን ቍረቢ። ምናልባት ቁራጩን ቀድመሽ ገዝተሽው ከሆነም አትጣዪው፣ መልሰሽም አትሽጪው፤ እናትሽ አንገት ላይም አታንጠልጥዪው። ጠቅልለሽ ለንስሐ አባትሽ አስረክቢ፣ ከየት እንዳገኘሽውም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።