ለጂን ምርመራ ከመክፈልሽ በፊት የወንድሙን የሲኤምቪ ውጤት ያዢ

እህቴ፣ ባለቤትሽ ከወንድሙ ኩላሊት ሊቀበል እንደሆነ ጽፈሻል። «ከንቅለ ተከላ በኋላ ቫይረስ የሚያጠቃው በዘር ነው፣ የጂን ምርመራ ውጭ አገር ይላክ» ብለዋችኋል። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ኩላሊት የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ገንዘብሽን አታውጪ።

ዘር ምንም የለበትም አልልሽም። ኢንተርፌሮን ከሚባለው ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል ከሚያመነጨው ነገር ጋር የተያያዙ፣ ሰውነት ቫይረስን የሚለይባቸው ጂኖች አሉ፤ በእነሱ ልዩነት አንዱ ታካሚ ከሌላው ቶሎ ይጠቃል የሚሉ ጥናቶችም ወጥተዋል። ግን የአንዱን ግኝት ሌላው ብዙ ጊዜ አይደግመውም። ሐኪሞች በሚመሩበት መመሪያም የእነዚህን ጂኖች ውጤት አይቶ መድኃኒት መቀየር የለም። ኢንተርኔት ላይ ኤፒኦኤል1 ስለሚባል ከኩላሊት በሽታ ጋር ስለተያያዘ ጂን አንብበሽ ደንግጠሽ ከሆነም፣ የአደጋው ዓይነት በምዕራብ አፍሪካ ዘር ነው የበዛው፣ እኛ ጋ የለም ማለት ይቻላል።

1. የሰጪውንም የተቀባዩንም የሲኤምቪ አይጂጂ (ቫይረሱ ከዚህ በፊት ይዞት እንደነበር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት በወረቀት ያዢ። ሲኤምቪ አብዛኞቻችንን በልጅነት ይዞን ሰውነታችን ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው። ትልቁ አደጋ ሰጪው ኖሮበት ተቀባዩ ከሌለበት ነው። ቫይረሱ ከኩላሊቱ ጋር ይገባል፣ የተቀባዩ ሰውነት ደግሞ ከዚህ በፊት አያውቀውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቫልጋንሲክሎቪር የሚባል ሲኤምቪን የሚከላከል መድኃኒት ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጣል፣ ቫይረሱ ቀድሞ ለነበረበት 3 ወር ገደማ። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ሂሳቡን ከአሁኑ ማወቅ አለብሽ።

ይህቺን አንዲት ወረቀት ለማግኘት ያየነው ፍዳ! አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ላቦራቶሪ የእህቴን ውጤት ልወስድ ስሄድ «የሰጪ ነው፣ ራሷ ትምጣ» አለኝ። እሺ። እህቴ አስተማሪ ናት፣ ፈተና ሰሞን ነበር፣ ለምና ፈቃድ አውጥታ ያንን ሁሉ መንገድ ከጅማ መጣች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «ይሄ ምርመራ አልተሠራም፣ ፎርሙ ላይ ምልክት የለም» አለቻት። ስልክ ደውሎ መናገር አይቻልም ነበር? እዚያው ቤት ግን ውጭ አገር ስለሚላከው የጂን ምርመራ ወንበር ስቦ አስቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እህቴ ግን አንዲት ክፉ ቃል ሳትናገር ደሟን እንደገና ሰጥታ ተመለሰች። እንዲህ ያለች እህት ናት ያለችኝ።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሲኤምቪ መጻፉን ደም ሳይቀዳ በፊት በዓይንሽ እዪ።

2. ታክሮሊመስ፣ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚዋጠው መድኃኒት። እዚህ ላይ ዘር በእርግጥ ይገባል። ሲዋይፒ3ኤ5 የሚባለው ጂን የሚሠራላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚሰባብሩት ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋሉ፣ አንዳንዱ እጥፍ ድረስ። ቢሆንም መጠኑ ልክ መሆኑን የሚናገረው በደም ውስጥ ያለው ልኬት ነው። ልኬቱ በጣም ሲበዛ ቢኬ የሚባለው ቫይረስ ይነሳና አዲሱን ኩላሊት ይጎዳል። ለቢኬ የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም፣ ሐኪሙ የመከላከያ አቅም የሚቀንሱትን መድኃኒቶች ዝቅ ያደርጋል። ሐኪሙ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም! በመጀመሪያዎቹ ወራት የቢኬ ምርመራ በየወሩ እንዲታዘዝ ጠይቂ፣ አታፍሪ።

ለታክሮሊመስ ልኬት በሚሄድበት ቀን የጠዋቱን ክኒን ይዞ ይሂድና ደም ከሰጠ በኋላ ይዋጠው። ይህን ለእኔ የነገረኝ አጠገቤ ተቀምጦ ተራ የሚጠብቅ ታካሚ ነው።